ዝርዝሩን አሳዩን፤ ወረቀቱን ቀንሱልን

ለአዲስ አበባ ከተማ የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ኃላፊዎች
ለከተማው ምክር ቤት አባላት
ለኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢዎችና ዕጣ ለወጣላችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ላይ የሚደረገው ቁጥጥር በወረቀት ብዛት ሳይሆን ሕዝብ በሚያየው ዝርዝር እንዲሆን ስለመጠየቅ

የምሠራው ከአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አትማለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከግቢው የሚወጣ ሰው ምን ወረቀት እንደጎደለው መንገዱን ሳይሻገር ከፊቱ አውቃለሁ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ደግሞ ከሁሉም ይለያል። መጀመሪያ ሲመጣ መላ ቤተሰቡን አስከትሎ ነው፤ ኮፒ እስኪወጣ ድረስ እንኳ ዝም ማለት አይችልም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ብቻውን ነው፣ ድምፁም ዝቅ ብሏል።

እስካሁን የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች በሙሉ በሰው ስም ነበሩ። ይሄኛው በራሴ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ቁጥጥር አይኑር የምል ሰው አይደለሁም። ፕሮግራሙ በ1996 ዓ.ም ገርጂ ላይ በሙከራ ሲጀመር የታሰበው የኪራይ ጣራ ለሚያንገላታው ሰው ነው። መሬቱን መንግሥት ሰጠ፣ መንገዱንና መስመሩን ዘረጋ፣ በ20/80ው ደግሞ ሰው 20 በመቶውን ቆጥቦ 80 በመቶውን ከንግድ ባንክ እንዲበደር አደረገ። ቤቱ ለባለዕድሉ የሚደርስበት ዋጋና ገበያው የሚያወጣው ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እንዲህ ያለ ልዩነት ባለበት ሌባ መምጣቱ አይቀርም፤ ጠባቂም ያስፈልጋል። ቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ አይሸጥም መባሉንም ሌላ ቤት ያለው ሰው አይስተናገድም መባሉንም እደግፋለሁ። የምጠይቀው ጠባቂው ፊቱን ወደየት አዙሮ እንደቆመ ነው።

የአንዲት እናት ጉዳይ ልንገራችሁ። በ2015 ዕጣ ከወጣላቸው አንዷ ናቸው። ወረቀታቸውን በነጭ ፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ስማቸው በፀ ይጀምራል። በምዝገባ ወረቀታቸው ላይ ስማቸው በጸሎቱ ጸ ተጽፏል፤ በባንክ ደብተራቸው ላይ በፀሐዩ ፀ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አየችና «እነዚህ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ አንድ ሰው መሆንዎን ከፍርድ ቤት አስወስነው ያምጡ» አለቻቸው። ወደ እኔ ሲመጡ ማመልከቻውን እየጻፍኩ «እማማ፣ ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቱ ፀ እንደሆነ የጻፈው ሰው ይወቀው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሁለት የዕድራቸውን ሰዎች ለምስክርነት ለምነው ከሥራ አስቀሩ፣ መዝገብ አስከፈቱ፣ ቀጠሮ ተሰጣቸው፣ የውል መዋዋያው ቀን ደግሞ እየቀረበ ሄደ። በመጨረሻ ተሳክቶላቸዋል፤ ነገር ግን በዚያ አንድ ወር ውስጥ ሰውነታቸው ሲያልቅ አይቻለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ በሁለቱም ወረቀት ላይ የፈረሙት በአውራ ጣታቸው ነው። አሻራው አንድ ነው። ፎቶውም አንድ ፊት ነው። ጸሐፊዎቹ የተለያየ ፊደል ስለጻፉ ግን እሳቸው ሁለት ሰው ሆኑ፣ የማስተካከያው ወጪም በእሳቸው ላይ ወደቀ።

በአገራችን ፊደል ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በድምፅ አይለዩም። እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠም እንዲሁ። ሰው ስሙን በቃል ነው የሚናገረው፤ ፊደሉን የሚመርጠው መዝጋቢው ነው። ስለዚህ በሞክሼ ፊደል ብቻ የሚለያይ ስም እንደ አንድ ስም ይቆጠር ብሎ አንድ መመሪያ ማውጣት ምን ያህል ይከብዳል? አንድ ገጽ የማይሞላ መመሪያ ነው። እኔ ብቻ በዚህ ምክንያት የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች አንድ ወፍራም ክላሰር ይሞላሉ። ፋይዳ መታወቂያ የሰውን አሻራ ይዟል፤ አሻራው እያለ በፀ እና በጸ ሰውን ፍርድ ቤት መላክ ለማን ይጠቅማል?

የእናቴም ጉዳይ አለ። ከ1997 ተመዝጋቢዎች አንዷ ናት። በ2005 እንደገና ስትመዘገብ ባለ አንድ መኝታ መረጠችና በየወሩ 274 ብር መቆጠብ ጀመረች። ስልሳ ወር፣ 16,440 ብር። ከጡረታ ገንዘቧ ላይ ነው፤ ደመወዝ በወጣ ማግስት ባንክ ቤት ሄዳ ታስገባለች፣ ደረሰኙን በወር ቅደም ተከተል በክር ትሰፋዋለች። ያንን የተሰፋ የደረሰኝ ጥራዝ አሁንም አስቀምጣዋለች። በየካቲት 2011 ዕጣ ወጣላት። መታወቂያዋን፣ የምዝገባ ወረቀቷን፣ የአባቴን የሞት ማስረጃ፣ የቁጠባ ማረጋገጫዋን አሟልታ አንድ ቢሮ አስረከበች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ፋይሉ የለም ተባለች። «ማስረከብዎን በምን እናውቃለን?» አሏት። በምን ያውቃሉ? ወረቀት ሲቀበሉ ተቀብለናል የሚል ምንም ነገር አልሰጧት። ልጇ ፎቶ ኮፒ ቤት ስላላት የሁሉም ኮፒ ነበራት፤ እንደገና አሟልተን አስገባን። ከወራት በኋላ ፋይሏ በሌላ ሰው ዶሴ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ኮፒ ያላስቀረ ሰውስ ምን ይውጠው ነበር?

ሱቅ ገብተን አንድ ኪሎ ስኳር ስንገዛ ደረሰኝ ተቀበሉ እንባላለን። ስልሳ ወር የተቆጠበበትን ማስረጃ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስናስረክብ ግን እጃችን ባዶ ነው። የገቡት ወረቀቶች ዓይነትና ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባዩ ስምና ማኅተም ያለበት አንድ ቁራጭ ወረቀት ይሰጠን። ወረቀት ይቀነስ እያልኩ የምጨምረው ብቸኛ ወረቀት ይህ ነው፤ ለእኛ የሚሰጠን ወረቀት ስለሆነ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም ለ14ኛው ዙር 20/80 እና ለ3ኛው ዙር 40/60 (40 በመቶው በቁጠባ፣ 60 በመቶው በብድር) የ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጣ። በሱቄ ውስጥ ሰው ተሞልቶ በስልክ ሲከታተል ነበር፤ ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በቀናት ውስጥ ዕጣው ተሰረዘ። ከተማው ራሱ እንደገለጸው፣ የሚፈለግባቸውን ቆጥበው ዕጣ ውስጥ መግባት የሚገባቸው ሰዎች 79 ሺህ ገደማ ሲሆኑ ወደ ሲስተሙ እንዲገባ የተደረገው የ172 ሺህ ገደማ ሰው መረጃ ነበር። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ነገሩ ተደባብሶ እንዳይቀር ይፋ ማውጣታችሁና ዕጣውን መሰረዛችሁ ትክክል ነበር፤ በኅዳር 2015 እንደገና መውጣቱም እንዲሁ። ይህን ሳልመሰክር ብቀር ሐሰተኛ እሆናለሁ።

ግን ያንን ቁጥር ስሰማ የመጣብኝ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እማማን በአንዲት ፀ ምክንያት ፍርድ ቤት የሚልክ አሠራር ባለበት ከተማ፣ ዘጠና ሺህ የሚሆን ትርፍ ሰው በምን በር ገባ? እነዚያ ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው እኔ በር ላይ አልተሰለፉም። ያላገባ ማስረጃ አላመጡም፣ ሦስት ጉርድ ፎቶ አልተጠየቁም። ጠባቂው ሁሉ በፊት ለፊቱ በር ቆሞ የእማማን ፌስታል ሲፈትሽ፣ ሌላው በጓሮ በኩል ገባ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ይቀንሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። የሰማሁት ግን «ከባለፈው ስህተት ተምረን ቁጥጥሩን አጠናክረናል» የሚል ነው፤ ማጠናከር ማለት በእኛ በር ሲደርስ አንድ ተጨማሪ ሸኚ ደብዳቤ ማለት ሆኖ አገኘሁት። ጥፋቱ የተሠራው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፣ ቅጣቱ የደረሰው ባለ ፌስታሏ ላይ ነው።

ሰው በእጁ ተሸክሞ የሚያመጣው ወረቀት ደግሞ ከሁሉም ማስረጃ ደካማው እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። አንድ ቀን ማምሻውን፣ ሱቁን ልዘጋ ስል አንድ ወጣት መጣ። የባንክ ማረጋገጫ ይዟል፤ የተቆጠበው ወር 41 ይላል። «እህቴ፣ ስካን አድርገሽ 60 አድርጊልኝ፤ የምትጠይቂውን እከፍላለሁ» አለኝ። አላደርግም አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄደ። ቀጣዩ ሱቅ ምን እንዳለው ማወቅ አልፈልግም፤ የማውቀው ግን ማኅተምን፣ ቲተርን፣ ፊርማን መኮረጅ ዛሬ የሃያ ደቂቃ ሥራ መሆኑን ነው። ባንኩ የእያንዳንዱን ቆጣቢ ወር በራሱ መዝገብ ይዞታል። ቢሮው ያንን ከባንኩ በቀጥታ መቀበል እያለበት ለምን በዚያ ወጣት ኪስ በኩል እንዲመጣ ያደርጋል? ታማኙን ሰው ያንከራትታል፣ ሐሰተኛውን ያስገባል። ለሁለቱም አይሆንም።

በመካከል ደግሞ ደላላው አለ። አንድ ፊርማ በተጨመረ ቁጥር ያንን ፊርማ «አስጨርሳለሁ» የሚል አንድ ሰው ግቢው በር ላይ ይጨመራል። አሥራ አንድ ዓመት ቆጥሬዋለሁ። ሰው ለእነሱ የሚከፍለው መብቱን ለማግኘት ነው፤ ምክንያቱም ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ ሲባል ነገ ከሥራ ፈቃድ የማያገኝ የቀን ሠራተኛ ምን ያድርግ?

እኔ ቁጥጥር የምለው ይህን ነው። ዕጣ ከመውጣቱ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ፣ ዕጣ ውስጥ የሚገቡት ሁሉ በምዝገባ ቁጥራቸው፣ በመረጡት የመኝታ ክፍል ብዛትና በቆጠቡት ወር ልክ ተዘርዝረው በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይና በኢንተርኔት ይውጡ። ስም አያስፈልግም፤ የሰው ገመና አይወጣም። ጠቅላላ ድምሩ ከላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ባንኩ ደግሞ በራሱ በኩል የራሱን ድምር ያውጣ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ። ያኔ 79 ሺህና 172 ሺህን ለመለየት መርማሪ አያስፈልግም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ሻይ የምትሸጠው ልጅ ታየዋለች። የአሸናፊዎች ዝርዝር በጋዜጣ ሲታተም ሰው ሁሉ ገዝቶ ያያል። ዕጣ ውስጥ የገቡት ዝርዝር ከዕጣው በፊት ተለጥፎ ግን በእኛ ሰሌዳ ላይ አንድም ቀን አላየሁም። እናቴ ደረሰኟን በክር ሰፍታ ያስቀመጠች ሴት ናት፤ የራሷ ቁጥር ትይዩ 60 መጻፉን ሄዳ በጣቷ ታረጋግጥ ነበር። እንደ እሷ ያለ ቆጣቢ ሁሉ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ኦዲተር ነው። ይህን ኃይል ለምን አትጠቀሙበትም?

ልዩ ድርሻ የተመደበላቸውም በዚያው ዝርዝር ይታዩ። ለሴቶች 30፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ መባሉ መልካም ነው። ከዕጣው በኋላ ለእያንዳንዱ ስንት ቤት እንደደረሰ ተቆጥሮ ይነገረን። አካል ጉዳተኛ ስለመሆኑ ደብዳቤ ለማግኘት ሊፍት ወደሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ በሰው ትከሻ ላይ ተደግፎ የወጣ ደንበኛ አለኝ። ደብዳቤውን የምትጽፈው ሠራተኛ እግሩን አይታ ጻፈች፤ ቢያንስ ወደ እሱ ብትወርድ ምን ነበረበት?

አንድ የቆየ ጉዳይ ደግሞ መልስ ሳያገኝ ተቀምጧል። በጥር 2013 ከተማው ቤት ለቤት ያደረገውን የኮንዶሚኒየም ቆጠራ ውጤት ይፋ ሲያደርግ 21,695 ቤቶች ችግር እንዳለባቸው ተነገረ። ሰው ሁሉ «ሃያ አንድ ሺህ ቤት ተዘረፈ» ብሎ ነው የተቀበለው። ዝርዝሩን ግን እዩት። በሕገ ወጥ መንገድ ተይዘው የተገኙት 424 ናቸው። ባዶ የነበሩት 850፣ ተዘግተው የተገኙት 4,530። የቀሩት 15,891 «መረጃ ማቅረብ ያልቻሉ» ተብለው ነው የተመዘገቡት።

መረጃ ማቅረብ ያልቻለ ማን ነው? ሌባ ሊሆን ይችላል። ከእነዚያ ሳምንታት የማስታውሳቸው ደንበኞቼ ግን ሌላ ዓይነት ነበሩ። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህቷ የገዛችውን ቤት የምትጠብቅ ልጅ ነበረች፤ ውሉ ያለው እህቷ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ ውክልና ደግሞ ገና ከዚያ አገር ተልኮ በውልና ማስረጃ መረጋገጥ አለበት። ባለቤቷ የሞተባትና ወራሽነቷ ገና በፍርድ ቤት ያለ ሴት ነበረች። የውሉ ቅጂ ዝናብ ገብቶበት ቀለሙ የለቀቀበት ሽማግሌ ነበሩ፤ ያንን ወረቀት በማሽኑ ላይ አምስቴ አነሣሁት፣ ከማኅተሙ ሰማያዊ ጥላ በቀር የወጣ ነገር የለም። እነዚህ ሰዎች ከ424ቱ ጋር በአንድ ድምር ውስጥ ተከተቱ። ውላቸው እኮ በእናንተም በባንኩም መዝገብ ቤት አለ! ከ15,891ዱ ስንቱ በኋላ ተጣራ፣ ስንቱ የሌላ ሰው ቤት ሆኖ ተገኘ፣ ስንቱ ለተመዝጋቢ ተላለፈ? የዚያን ጊዜ ቁጥሩን በመግለጫ ያወቅን ሰዎች የመጨረሻውንም በመግለጫ ልንሰማ ይገባል።

የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በስብሰባችሁ ላይ ለማንሣት እጅ ከማውጣት በቀር የሚያስፈልጋችሁ ነገር የለም። የቢሮ ኃላፊዎች፣ ደረሰኙንና የሞክሼ ፊደሉን ጉዳይ ለመጨረስ በጀት አትጠይቁበት። ዝርዝሩን ለመለጠፍ ደግሞ ወረቀት ከጎደለ፣ ለእኛ ወረዳ የሚሆነውን እኔ ያለ ክፍያ አትማለሁ። ከልቤ ነው የምለው። የማሽኔ ቀለም ለዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኛል።

እስከ ቀጣዩ ዕጣ ድረስ ሱቄ ዘወትር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ናት። ከመካከላችሁ አንድ ሰው፣ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ አንድ ቀን ብቻ ከሱቄ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥልኝ። ወረቀታቸውን በነጠላቸው ቋጥረው የሚመጡትን ሰዎች ከእኔ ጋር ይያቸው፤ ከመስኮቱ ስንቴ እንደሚመለሱ ይቁጠርልኝ።

ከአክብሮት ጋር

በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የምትሰጥ ነዋሪ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ
ለከተማው ዋና ኦዲተር
የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው ተራ ለሚጠብቁ ሁሉ